ጩጬው እንዳያለቅስ

«ሁለቱንም እጅህን ዘርጋ አልኩህ!»

«ቀስ በይ፣ ይነቃል።»

«ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። ዘርጋ!»

እውነትም ቀስ ብላ ነበር። ልብስ ሰፊዋና ባሏ ከማለዳ ጀምረው ሲጣሉ አንድም ጊዜ ከሹክሹክታ አላለፉም። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ የአንገታቸው ጅማት ተገትሮ፣ ዓይናቸው ደም ለብሶ፣ ግን በሹክሹክታ። ከአንድ ሰዓት በፊት የሻይ ብርጭቆ ወርውራበት ነበር፤ ብርጭቆው ግንባሩን ጨርፎ የጨርቅ ክምር ላይ ስላረፈ እሱም ድምፅ አላሰማም። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ባልና ሚስቱ እሑዳቸውን ለሽ ብለው ተኝተው የሚያሳልፉ ይመስላቸው ይሆናል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው አልጋው ላይ በሁለት ትራስ መካከል ተኝቷል። ጩጬው ስድስት ሳምንቱ ነው። ከቀኑ ቀድሞ በኦፕሬሽን የወጣ፣ አሥራ አንድ ቀን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ የከረመ፣ ጉንጩ ገና አሁን ሥጋ መያዝ የጀመረ ልጅ ነው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ቀኝ ብሽሽቱ ላይ ለውዝ የምታህል እብጠት ብቅ ትላለች። ሐኪሟ በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ መልሳት ነበር። «አንጀቱ ነው ወደዚህ የሚወርደው። ሐሙስ እንሠራለታለን፣ ቀላል ነው። እስከዚያ ግን እንዳያለቅስ ጠብቂው፤ ባለቀሰ ቁጥር ይገፋዋል። ከጠጠረና አልመለስ ካለ ማንንም አትጠብቂ፣ ታቅፈሽው በድንገተኛው በር ግቢ። እዚያ ወረቀት የሚጠየቀው ከሕክምናው በኋላ ነው።»

ለሐሙሱ ግን ወረቀቱ አስቀድሞ መምጣት ነበረበት። የጤና መድን ድርጅቱ «እከፍላለሁ» ብሎ ማኅተም ካላሳረፈ ሆስፒታሉ ቀጠሮውን ይሰርዛል። ሰፊዋ ስለዚህ ስድስት ቀን ሙሉ ልጇን ከደረቷ ሳታወርድ ወረቀት ስትጠብቅ ከረመች። ትንሽ ሊነጫነጭ ሲል ጡቷን ታጎርሰዋለች፣ አልጠባም ሲል እያወዛወዘች ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። የስፌት መኪናዋ እንኳ ስትንኳኳ እንዳትቀሰቅሰው በአንሶላ ተሸፍናለች። የሰው ቀሚስ ሳይሰፋ ተከምሯል።

ወረቀቱ ትናንት ማታ መጣ። አሁን በእጇ ነው፤ ከመጨማደዱ ብዛት ጨርቅ መስሏል።

«አባሉ ባለፈው ዓመት የግራ እጁ ትንሿ ጣት በመቆረጧ፣» አለች ለአራተኛ ጊዜ እያነበበች፣ «ለአራት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ለታከመበት ስለተከፈለ፣ ለቤተሰቡ የተፈቀደው ገደብ አልቋል። ስለዚህ የእናትየው ኦፕሬሽንም፣ የማሞቂያውም፣ ለሕፃኑ የተጠየቀውም አይከፈልም። ቅሬታ ያቀረቡት ባለቤቱ ስለሆኑ፣ አባሉ እስከ ሰኞ በአካል ቀርቦ እጁን ለድርጅቱ ሐኪም ያሳይ፤ አሻራም ይስጥ። ሰኞ ማለት ነገ ነው። ዘርጋ!»

ባሏ እጆቹን ከጀርባው አምጥቶ ዘረጋ። የብረት ሠራተኛ እጅ ነው፤ መዳፉ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ዘይት የገባበት። እሷም ከአውራ ጣቱ ጀምራ አንድ በአንድ እየያዘች ቆጠረች። ከግራው ትንሿ ጣት ስትደርስ ጠምዝዛ ያዘቻት።

«አሥር። ይቺ አምና ተቆርጣለች ይላል። መልሳ በቀለች?»

«አመመኝ፣ ልቀቂ።»

«ትመምህ! የሌለች ጣት ታማለች እንዴ?»

የማን ጣት እንደሆነች ወረቀቱን ባየችበት ቅጽበት ገብቷታል። በቤተሰቡ ውስጥ ትንሿ ጣቱ የጎደለች አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም። ቁስሉ ሳይደርቅ የሥራ ባልደረቦቹ «ዘጠኝ» ብለው ስም አወጡለት፤ እሱም ሳቀና ስሙን ተቀበለ። ይህን ታውቃለች። የማታውቀው ያ ጣት በማን ስም እንደታከመ ነበር።

«አሠሪው አሳከመው ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«እኔ እዚያ ቢሮ ሄጄ፣ የስፌት ቁስሌን በእጄ ደግፌ፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እየሰማኝ ‹ባሌ በሕይወቱ ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም፣ እንዴት አለቀ ትሉኛላችሁ› ብዬ ማልኩ። በልጄ ማልኩ! ዝም ብል ኖሮ አይመረምሩም ነበር። የልጄን አባት በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠሁት። አንተ ደግሞ ስሄድ እያየህ ቤት ቁጭ ብለሃል።»

ባሏ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ካለው ዝቅተኛ የእንጨት መቀመጫ ላይ ዘጭ አለ። ባዶ እግሩን ሳያስበው የመኪናዋ መርገጫ ላይ አሳረፈ። ከዚያ እግሩን አየውና በድንጋጤ አነሣው።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለ።

«ምን?»

«የጋሼን ጣት። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገራት። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚሠሩት የብረት በርና ቁምሣጥን በሚያወጣ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ታላቅየው ላሜራውን ወደ ቢላው ይገፋል፤ ታናሽየው መርገጫውን ሲረግጥ ቢላው ይወርዳል። የሚገፋው ሰው እጁን አውጥቶ «በል!» ሳይል መርገጫው አይነካም፤ የወርክሾፑ ሕግ ነው፣ ግድግዳው ላይም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ወንድማማቾቹ ግን ቃሉን ከተዉት ዓመታት አልፈዋል።

«ትከሻውን አያለሁ» አለ ባሏ። «እጁን ሲስብ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። ያኔ እረግጣለሁ። ሌሎቹ አንድ ሲቆርጡ እኛ ሁለት እንቆርጣለን። ሰው ሁሉ ይቀናብን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ አልሳትኩም። ያን ቀን…»

«ያን ቀን ምን?»

«አስነጠሰው።»

ዓይኗ ወደ ባሏ እጅ ሄደ።

«ትከሻው ዝቅ አለ። እኔም ረገጥኩ። እሱ አልጮኸም እኮ፤ እኔ ነኝ የጮኽኩት። ጣቷ ላሜራው ላይ ቀርታ እንደ ብሎን ትንከባለል ነበር። እሱ የቀን ሠራተኛ ነው፣ መድን የለው። አሠሪው ‹ውሰደው፣ የእኔን ስም ግን እንዳታነሣ› አለኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፎቶ የለበት። መልካችን አንድ ነው። ‹የታማሚው ስም?› ሲሉኝ ስሜን ሰጠኋቸው። ጋሼ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረብኝም። ‹መኪናው ነው የበላኝ› ነው የሚለው።»

ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሆዷ ላይ ያለው ስፌት ይጠዘጥዛታል። ያን ቀን ቢነግራት ኖሮ እሷም «ስጠው» ትለው ነበር፤ ይህን በልቧ ታውቃለች፣ ንዴቷን የባሰ ያነደደውም ይኸው ነው። ካርዱን መስጠቱ አልቆጫትም። አሥር ወር ሙሉ ከአጠገቧ እየተኛ፣ ሆዷ ሲገፋ በዓይኑ እያየ፣ ካርዱ ባዶ መሆኑን እያወቀ ትንፍሽ አለማለቱ ነው።

«ዛሬ ይመጣል?» አለች።

«እሑድ አይደል? ይመጣል።»

«ይምጣ።»

ዘጠኝ ከምሳ በኋላ መጣ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ በር ሲያንኳኳ በቡጢ ነው፣ ሲገባ ቤቱ ይጠባል። በላስቲክ ዳቦ አንጠልጥሎ «ሰው የለም ወይ እዚህ ቤት!» ሲል ባልና ሚስት እኩል «እሽሽሽ!» አሉት። ጩጬው በእንቅልፉ ግንባሩን ቋጠረ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ። ግንባሩ ተፈታ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ። የጌታዬን እንቅልፍ!» አለ ዘጠኝ በጫማው ጫፍ እየተራመደ። አልጋው ላይ አጎንብሶ የጎደለ እጁን ልጁ ፊት አወዛወዘ። «ቶሎ እደግና ቁጠርልኝ። የአጎትህ ልጆች ተሳስተው ተሳስተው አሁን ነው የለመዱት።» ከዚያ ቀና ሲል ፊታቸውን አየ። «ምነው? የሞተ አለ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች ሰፊዋ።

ወረቀቱን ሰጠችው። ዘጠኝ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በመስመሩ ላይ አውራ ጣቱን እየጎተተ አነበበ። ሲጨርስ አራት ቦታ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«እና ምን ይሁን ነው?»

«ነገ ከእሱ ጋር ይሂዱና እውነቱን ይናገሩ። ‹ጣቱ የእኔ ነው› ይበሉ። ከባሌ ስም ላይ ይሰረዛል፣ ገደቡ ይከፈታል፣ ሐሙስ ልጄ ይሠራለታል።»

«እኔስ? ወህኒ ልውረድ?»

«ብቻዎን አይወርዱም። ካርዱን ያዋሰዎት እሱ ነው። አብራችሁ ትወርዳላችሁ፣ እኔ ስንቅ አመላልሳለሁ።»

ዘጠኝ ሳቁ አመለጠውና አፉን በመዳፉ አፈነ። «ሰማሃት? ሁለታችንንም ባንድ ቀን! በሳህን አድርጋ ልታበላን!»

«ጋሼ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔስ እየቀለድኩ ነው?» ሳቁ እንደ ጭስ በነነ። «ስሚኝ፣ እህቴ። አሠሪው አሥር ወር ሙሉ ደጁን አስጠንቶኝ፣ ጣቴን ባየ ቁጥር ፊቱን እያዞረ፣ በስንት ልመና ባለፈው ሳምንት ቋሚ አደረገኝ። በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነው የመድን ካርድ ስይዝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ደረቷን እንደሚያማት ታውቂያለሽ። ነገ ሄጄ ‹አጭበርብሬያለሁ› ብል ሥራውም ካርዱም ሄደ ማለት ነው። ያንቺ ልጅ እንዲታከም የእኔ ይሙቱ?»

«እንግዲያው እሱን መስለው ይግቡ። አምና መስለው የለ?»

«አሻራ ይላል። የእኔ አሻራ ባለፈው ሳምንት እዚያው ቢሮ ገብቷል። ዘጠኝ ጣት ነው የሰጠሁት፤ ልጅቷ አሥረኛውን ስትፈልግ ሰዓት ፈጀች።»

ማንም አልሳቀም። ሰፊዋ ባሏን አየችው። የጫማ ማሰሪያ እንደጠፋበት ሰው ወለሉን ወለሉን ያያል።

«አንተስ አፍህን ምን ለጎመው?» አለችው።

«ጋሼ…» አለ ባሏ። «እባክህ።»

«እባክህ ምን?»

«ለልጁ ብለህ።»

ዘጠኝ ተነሣ። ሹክሹክታው እንደ ፍም ውስጥ ውስጡን ይነድ ጀመር። «ለልጁ ብለህ! እኔ ላንተ ብዬ ስንት ነገር ነው የዋጥኩት? አባታችን ሲሞት ያሳደገህ ማነው? መርገጫው ላይ ያስቀመጠህ ማነው? ‹ሥራ አይችልም› ሲሉህ ‹ከእኔ ጋር ይሁን› ያለ ማነው? ያን ቀን አንድ ቃል ብተነፍስ የት ነበርክ ዛሬ? ከዚች ሚስትህ ጋር ትኖር ነበር? ይሄን ልጅ ትወልድ ነበር? በቀን አሥር ጊዜ ነው ይቺ የሌለች ጣት የምታሳክከኝ፤ አንድ ቀን ነግሬህ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ሌላ ምን ልስጥህ?»

«ጋሼ፣ ድምፅዎን» አለች ሰፊዋ።

አልሰማትም። የታናሽ ወንድሙን የግራ እጅ አንጓ ጨምድዶ ይዞ ጎተተውና በስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ለጠፈው። አንሶላው ወደቀ። እዚያው የተጋደመውን መቀስ አነሣ፤ ወፍራም ካፖርት የሚቆርጥ፣ ክንድ የሚያህል የልብስ ሰፊ መቀስ ነው።

«ወረቀቱ ተቆርጣለች ካለ ትቆረጣ! ወረቀቱን እውነተኛ እናድርገው። እኔም ተካስኩ፣ ልጅህም ታከመ። ምን ይለዋል?»

ለማስፈራራት ነበር። ሰፊዋም እንደዚያ ነው ያሰበችው። ባሏ ግን እጁን አልሳበም። ትንሿን ጣት ከሌሎቹ ለይቶ ዘረጋት፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ቁረጥ» አለ። «እንድትቆርጥ ነው እኔም የምፈልገው። አሥር ወር ሙሉ ይሄን ነው የምፈልገው።»

የመቀሱ ሁለት ስለት በጣቷ ግራና ቀኝ ቆመ። ዘጠኝ መያዣውን ጠበቅ አደረገ፤ ስለቱ ቆዳውን ሰነጠቀና ቀጭን ደም በጠረጴዛው እንጨት ላይ ወረደ። ባሏ ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። አፉ ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር፤ ሰፊዋ ያን ፈገግታ አየች።

«የአሥር ወር ጠባሳ ባንድ ሌሊት ይደርሳል?» አለች። ድምፅዋ ለራሷ እንኳ የሌላ ሰው መሰላት። «ነገ ደሙ እየተንጠባጠበ ቀርቦ ‹አምና የተቆረጠ ነው› ሊላቸው ነው? ሐኪማቸው ዕውር ነው?»

ዘጠኝ መቀሱን እያየ ቆመ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፣ ተመልሶ የጨርቅ ክምሩ ላይ፣ ሳያየው ዳቦው ላይ፣ ተቀመጠና ይስቅ ጀመር። በአፍንጫው፣ በትከሻው፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ እንባው እስኪወርድ። «እውነቷን ነው። ሁለት በሬዎች! ጣት ቆርጠን ቁጭ ልንል!» ባሏ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ደሙን ይመጥጣል። ለአፍታ ቤቱ የተፈወሰ መሰለ። ሰፊዋም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። የላስቲኩን ዳቦ ከሥሩ አወጣ፤ ተጨፍልቋል። ዳቦውን እያየ፣ እንደ ዋዛ፣ ተናገረ።

«በድንገተኛው በር ወረቀት አይጠየቅም አላልሽም ባለፈው?»

«መጀመሪያ አይጠየቅም አሉኝ።»

«እና እኛን ምን ያጨቃጭቀናል? ትንሽ አስለቅሱት። ከጠጠረ ግድ ነው፣ ይሠሩለታል። ሐሙስ ድረስ ምን ወሰደሽ?»

ቀልድም ይሁን ምክር ዘጠኝ ራሱ ያወቀው አይመስልም። ሰፊዋ ግን ያየችው እሱን አይደለም። ባሏን ነው። የባሏ ዓይን ከወለሉ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ ወደ አልጋው ሄደ፣ ሁለቱ ትራሶች መካከል አረፈ፣ እዚያ ትንሽ ቆየ። እያሰላ ነበር። ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። እሷ ግን አይታለች።

ደሟ አናቷ ላይ ወጣ።

«ምን አልክ?» አለች ዘጠኝን። ካወቀችው ጀምሮ አንድ ቀን አንተ ብላው አታውቅም። «ድገመው። ምን አልክ አንተ?»

«ኧረ እኔ እንዲያው…»

መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ እንዴት እንዳነሣችው አታውቅም። በሁለት እጇ ይዛ ሰነዘረችው። ዘጠኝ ክንዱን ሲያነሣ ስለቱ ብብቱ አጠገብ ገባ፤ ወፍራም ጨርቅ ሲበሳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማች። ስባ አወጣችው። ደግማ ልትሰነዝር እጇን ስታነሣ ከኋላዋ ሁለት ክንዶች ወገቧን አነቁት። ባሏ ነው።

«ጋሼን አትንኪ!»

ወረወራት። አስቦ አልነበረም፤ ላሜራ እንደሚያሽቀነጥር ነው ያሽቀነጠራት። የጠረጴዛው ጠርዝ ሆዷን ልክ ስፌቱ ላይ አገኘው። ጮኸች። ከማለዳ ጀምሮ በዚያ ቤት የተሰማ የመጀመሪያው ሙሉ ድምፅ የእሷ ጩኸት ነበር፤ መስኮቱን አርገበገበው። ወለሉ ላይ በጎኗ ወደቀች፤ ከቀሚሷ ሥር ሞቅ ያለ እርጥበት ወደ ጭኗ ሲወርድ ተሰማት።

ጩጬው ነቃ።

መጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። ከዚያ ያ ሁሉ የታፈነ ሳምንት ባንድ ጊዜ ከጉሮሮው ወጣ።

ዘጠኝ ደረቱን ይዞ ቆሞ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይንቆረቆራል። ሰፊዋን አያት። ወደሷ አጎነበሰ፤ ሊያነሣት ይሁን ሊረግጣት ዛሬም ድረስ የሚያውቅ የለም። ሲያጎነብስ ግን ቀኝ ትከሻው ዝቅ አለ። እሷ ከወለሉ ላይ ሆና ያን ትከሻ አየች፤ ባሏም ያን ትከሻ ሲያይ አየችው።

የእንጨት መቀመጫው የዘጠኝ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ስንጥቅ አለ። ዘጠኝ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ «አንተ?» አለ፣ የገረመው ሰው ይመስላል። ባሏ ደገመው። ሦስተኛውን ሊያነሣ ሲል ዘጠኝ እግሩን ጠልፎ ጣለው፣ ከላዩ ወጣበት፣ በዘጠኝ ጣቱ ጉሮሮውን ያዘው። የስፌት መኪናዋ ተገልብጣ ወደቀች፤ መርገጫዋ ላይ አንዱ የሌላውን ጭንቅላት ያጋጨዋል። ባሏ ወንድሙን እጁ ላይ፣ ከተቆረጠችው ጣት ትራፊ ላይ ነከሰው። ዘጠኝ እንደ ልጅ አለቀሰ። ባሏም እያለቀሰ፣ እየተፋ፣ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» እያለ በቡጢ የወንድሙን አፍንጫ ይቀጠቅጥ ነበር፤ በእያንዳንዱ «ይቅር በለኝ» አንድ ቡጢ።

ሰፊዋ በክንዷ እየተሳበች አልጋው ዘንድ ደረሰች። የልጁን ጨርቅ ፈታች። ለውዝ የነበረችው የእንቁላል ያህል ሆናለች፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ዞሯል። ሐኪሟ እንዳሳየቻት በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ገፋች። እንደ ድንጋይ ነው። ጡቷን አጎረሰችው፤ ተፋው። እንደገና ገፋች። አልተመለሰም።

«ጠጠረ» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ «ሰውዬ! ልጁ ጠጠረ!»

ባሏ አልዞረም። ሁለተኛ አልጠራችውም።

ልጁን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አሰረችው። ክምሩ ውስጥ ካለው የደንበኛ ጨርቅ አንዱን ስባ፣ ደንበኛዋ ስትጣደፍበት የነበረ ነጭ የቀሚስ ጨርቅ ነው፣ አራት አጥፋ ቀሚሷ ሥር ቁስሏ ላይ ጠቀጠቀችው። አንድ ጫማ አገኘች፤ ሌላው ከሁለቱ ሰዎች ሥር ነበር። ያገኘችውንም አውልቃ ተወችው። የመድኑ ወረቀት ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ደም ይጠጣል። ተራመደችው።

ወንድማማቾቹ በሩን ዘግተው ይንከባለሉ ነበር። መንገድ ላይ መኪና እስኪያልፍ እንደሚቆም ሰው ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። ዘጠኝ ከላይ ሆነ፣ ባሏ ከላይ ሆነ፣ ተገለባብጠው ወደ መስኮቱ ሄዱ። በሩን ከፈተች።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። አከራይዋ መጥረጊያ ይዛ ከፊት ናት፤ ከኋላዋ ከላይኛው ፎቅ የወረዱ ጎረምሶች፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ የወጣ ሹፌር፣ እሳት ላይ የጣደችውን ትታ የመጣች ሴት።

«ምንድነው? ማን ማንን ነው የሚገድለው?»

«ወንድማማቾቹ ናቸው! ዘጠኝና ታናሽየው!»

«ኧረ ገላግሏቸው!»

«አንተ ግባ፣ ምን ትገፋኛለህ!»

«ገለል በይ እስቲ እህት፣ እንለፍበት» አለ ሹፌሩ፤ የሰፊዋን ትከሻ ይዞ ወደ ጎን አደረጋት፣ ወደ ውስጥ ገባ። ሁሉም ተከተሉት። ጎረምሶቹ በጠባቡ በር እየተጋፉ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየተንጠራራ፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ውስጥ ያያሉ። ከውስጥ መስታወት ተሰበረ። «ያዘው! እጁን ያዘው!» ይላል የሹፌሩ ድምፅ። አከራይዋ «የቤቴን መስኮት!» ትላለች።

የጩጬው ለቅሶ በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ቀጭን ክር ሆኖ ነበር፤ ከጀርባቸው ወደ ደረጃው ሄደ፣ በደረጃው ወረደ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከጆሯቸው ተቆረጠ።

መንገዱ የእሑድ መንገድ ነው፤ ፀሐይ፣ የተዘጉ ሱቆች፣ ግድግዳ ጥላ ሥር የተኛ ውሻ። ሆስፒታሉ ከሁለት መንገድ ወዲያ ነው። ሰፊዋ አንድ እጇን ልጁ ሥር፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በባዶ እግሯ፣ መጀመሪያ በርምጃ፣ ቀጥላ በሩጫ፣ ድንገተኛው በር ወዳለበት አቅጣጫ ታጠፈች።